መምህሬ ሲጮሁብኝ የተሻለ እጫወታለሁ፤ ታዲያ ጩኸቱ ጠቀመኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 19 ነው። ቫዮሊን መማር ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። መምህሬ በጣም ይቆጣሉ። ስሳሳት የኖታ ማስቀመጫውን በደጋን ይመታሉ፤ ሌሎች ተማሪዎች ባሉበት "አንቺ ጆሮ የለሽም" ይሉኛል። ትምህርት ባለኝ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከጮሁብኝ በኋላ ያንኑ ቦታ ስደግመው ይሻላል። እሳቸውም "ትልልቆቹ የተሠሩት እንዲህ ነው" ይላሉ። ልታገሥ ወይስ መምህር ልቀይር?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት "ከጮሁብኝ በኋላ ስደግመው ይሻላል" ያልሽው ነው። መምህርሽንም አንቺንም የሚያሳስተው እሱ ነውና።

አንድን ከባድ ቦታ 20 ጊዜ ብትጫወቺው 20ውም እኩል አይወጣም። አብዛኛው በዚያ ሰሞን ባለሽ ችሎታ ልክ ይሆናል፤ ጥቂቱ ከዚያ በላይ ያምራል፤ ጥቂቱ ደግሞ ክፉኛ ይበላሻል። መምህር የሚጮኸው መቼ ነው? ክፉኛ በተበላሸው ጊዜ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሙከራ ደግሞ ማንም ትንፍሽ ባይል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተለመደው ልክሽ ይመለሳል። ጩኸቱ መሃል ላይ ስለገባ ብቻ ውጤቱ የእሱ ይመስላል። በተቃራኒው በጣም ባማረው ጊዜ "ጎበዝ" ቢሉሽ፣ ቀጣዩ ሙከራ ወደ ልክሽ ስለሚወርድ ምስጋናው ያዘናጋሽ ይመስላል። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን ይህንን ነገር ያስተዋለው ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች ትምህርት ሲሰጥ ነው። አሠልጣኞቹ "ያመሰገንነው ቀጥሎ ይበላሻል፣ የጮህንበት ቀጥሎ ይሻሻላል" ብለው ተከራከሩት። እሱም እያንዳንዱን አሠልጣኝ ዒላማውን ሳያይ ከጀርባው ሳንቲም ሁለት ጊዜ እንዲወረውር አደረገ። በመጀመሪያው የቀረቡት በሁለተኛው ራቁ፣ የራቁት ቀረቡ፤ ያመሰገናቸውም የሰደባቸውም ሰው አልነበረም።

ይህንን ቤትሽ ሆነሽ መፈተሽ ትችያለሽ። ከምትቸገሪበት ቦታ 4 ባር (በኖታው ላይ በቁም መስመሮች መካከል ያለው ክፍል) ምረጪና 10 ጊዜ ተጫወቺ፤ ሁሉንም በስልክ ቅጂ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያዳመጥሽ ለእያንዳንዱ ከ5 ነጥብ ስጪ። ከዚያ በጣም የወረዱትን ሁለቱን ፈልጊና ከእነሱ ቀጥሎ የመጡትን ተመልከቺ። ያለ ጩኸት የመጣውን መሻሻል በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው ደቂቃ የታየ መሻሻልና መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማርሽ የሚባለው በማግስቱ መሣሪያሽን ከሳጥኑ አውጥተሽ፣ ትንሽ አሟሙቀሽ፣ ያንን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቺው በሚወጣው ድምፅ ነው። ለ4 ሳምንት ያንን የመጀመሪያ ሙከራ ብቻ መዝግቢ። ከትምህርት ክፍሉ ይልቅ እሱ እውነቱን ይነግርሻል።

አሁን ወደ ሰውነት እንምጣ። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ወደ ጣቶች የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ መዳፍ ያልባል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ጥሩ ዝግጅት ነው። ለቫዮሊን ግን ከዚህ የባሰ ዝግጅት የለም። በቀኝ ክንድሽ ላይ ክርንን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ ተራ በተራ መሥራት ሲገባቸው አንድ ላይ ይወጠራሉ። ማንኛውም ሰው ላይ ያለው፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚሆነው የማይታይ የእጅ ንዝረት ያን ጊዜ ይጎላና ደጋኑ ላይ ይወጣል። የሚብሰውም ረጅምና ዝግ ያለ ድምፅ ስትስቢ፣ ደጋኑ መሃሉ ላይ ሲደርስ ነው። በግራ እጅ በኩል አውራ ጣት የቫዮሊኑን አንገት ጨምቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ከፖዚሽን ወደ ፖዚሽን፣ ማለትም እጅ አንገቱ ላይ ከሚቀመጥበት ስፍራ ወደ ሌላው፣ የሚደረገው ሺፍት ይነቀላል እንጂ አይንሸራተትም፤ ድምፁን የሚያወዛውዘው የጣት እንቅስቃሴ፣ ቪብራቶውም ጠብቦ ይፈጥናል። ትከሻ ይነሣል፣ አገጭ ይጫናል።

በሌሎች መሣሪያዎችም ያው ነው። የዘማሪ ትንፋሽ ወደ ደረት ይወጣና ማንቁርቱ ከፍ ይላል፤ ከፍተኛዎቹ ድምፆች ይታነቃሉ። ትራምፔት ተጫዋች ማውዝፒሱን ከንፈሩ ላይ ይጫናል፤ ከንፈሩ መርገብገብ ሲያቅተው ድምፁ ይሰነጠቃል። የፒያኖ ተጫዋች የእጁ አንጓ ስለሚቆለፍ ፈጣን ድግግሞሽ ይቆራረጥበታል። እንግዲህ የሚጮኸው መምህር የሚሰማው እነዚህን ብልሽቶች ነው፤ ግማሹን ራሱ ፈጥሮታል። ከዚያ "ሰውነትሽን አላዪው!" ብሎ ይጮሃል። ጡንቻ በቁጣ ትእዛዝ ላልቶ አያውቅም።

ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። ኖታ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ ይሄዳል፤ እጁ አንዱን ሲጫወት ዓይኑ ቀጣዮቹን ኖታዎች ይይዛል። ያ የሚያዘው ለአጭር ጊዜ ነገርን በሚሸከመው የአእምሮ ክፍል ነው፤ ቦታውም ጠባብ ነው። "አሁን ይጮሁ ይሆን?" የሚለው ሐሳብ ያንኑ ቦታ ይሻማል። ዓይንሽ ከወረቀቱ ይልቅ የመምህሩን ፊት ይከታተላል፤ ቀድሞ የሚያየው እያጠረ ይሄድና በድንገት የሚመጣ ሺፍት ላይ ትወድቂያለሽ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ይርክስና ዶድሰን በ1908 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ያደረጉት ሙከራ እስከዛሬ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። አይጦቹ አንዱን ሣጥን ከሌላው መለየት ቀላል በሆነላቸው ጊዜ ጠንከር ያለ ቅጣት ትምህርቱን አፋጥኗል፤ መለየቱ እየከበደ በሄደ ቁጥር ግን የሚበጀው ቅጣት እየደከመ መጣ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይሁንና አካሄዱ በሙዚቃም ይታያል። ቁጣ ተማሪን በሰዓቱ ያስመጣዋል፣ ጥፍሩን ያስቆርጠዋል፣ እርሳስ ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል። ሩብ ቶን የማይሞላ የድምፅ መዛባትን ሰምቶ በጣት ማረም ግን ጥቃቅን ልዩነት የሚለይበት ከባድ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ ቁጣ እንቅፋት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሚቀጥለው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከፍርሃት ጉዳቶች ሁሉ ከባዱ፣ ተማሪው ስህተቱን መደበቅ መልመዱ ነው። ሙዚቃ ደግሞ ስህተትን ፊት ለፊት ሳያወጡ የማይታረም ሙያ ነው።

መደበቂያው ብዙ ነው። ከባዱ ቦታ ሲደርስ ድምፅን መቀነስ አለ፤ የተዛባው እንዳይሰማ። "ሬ" በሚባለው ክር ላይ በከፍተኛ ፖዚሽን መጫወት ያለበትን ሐረግ "ላ" በሚባለው ክር በ1ኛ ፖዚሽን ማለፍ አለ። ፒያኖ ላይ ፔዳልን ረግጦ ያልጠራውን ሩጫ በጭጋግ መሸፈን አለ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ድምፅ በሰፊ ቪብራቶ ማወዛወዝ አለ። በሁለት ሰው መሃል ተቀምጦ የጎረቤትን ደጋን እያዩ አየር ላይ መሳብም አለ። ከቃል በኩል ደግሞ "ገባሽ?" ሲባል ሳይገባ "ገባኝ" ማለት አለ። አንዳንዱ መምህሩ የሚጠይቀውን 8 ባር ብቻ ያጠናና የቀረውን 3 ገጽ ይተወዋል። የሚያሳዝነው እነዚህ ዘዴዎች ራሳቸው በልምምድ የሚዳብሩ መሆናቸው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ተማሪው ድንቅ ደባቂ ይሆናል፤ መምህሩም "ተሻሽሏል" ይላል፤ ነገሩ የሚገለጠው ውድድር ወይም የመግቢያ ፈተና ላይ ሌላ ሰው ያልታሰበ ቦታ እንዲጫወት ሲጠይቀው ነው።

ከሁሉም የሚያሰጋው ሕመምን መደበቅ ነው። አንጓ፣ ክንድ ወይም አንገት ላይ የጀመረ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተነገረ ልምምድ ቀንሶ፣ አያያዝ አስተካክሎ ይድናል። "ሰበብ አታብዢ" የሚባል ተማሪ ግን ለወራት ተሸክሞት ይዞራል። ከመጫወት በኋላ የመጣ ሕመም በማግስቱ ካለ የልምምድ ሰዓትሽን በግማሽ ቀንሺ። ከጥቂት ቀናት በላይ ከቆየ፣ ወይም መደንዘዝና መርፌ መውጋት የሚመስል ስሜት ካለ አቁሚና ሐኪም ይይሽ። ፎካል ዲስቶኒያ የሚባለው፣ ጣት ሳይታዘዝ የሚታጠፍበት ሕመም ከ100 ሙያተኛ ሙዚቀኞች 1ዱን ገደማ ይይዛል፤ በተያዙት ላይ ጭንቀትና ከልክ ያለፈ እንከን የለሽነትን መሻት ብዙ ጊዜ አብሮ ይታያል። መነሻው አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ተማሪን በጭንቀት ለማሠልጠን የሚደፍር ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

"ትልልቆቹ የተሠሩት እንዲህ ነው" ስለሚለው። እዚህ ላይ የሚቆጠሩት የተረፉት ብቻ ናቸው። በዚያው ክፍል መሣሪያቸውን ዘግተው የሄዱትን ማንም አይቆጥራቸውም፤ ከእነሱ ውስጥ ማን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ለምሳሌ የሚነሣው የኦርኬስትራ መሪው ቶስካኒኒ ነው፤ አዎ፣ በልምምድ ላይ ይጮህ፣ የመሪ ዘንጉንም ይሰብር ነበር። ግን ፊቱ የተቀመጡት ሥራቸውን የጨረሱ ሙያተኞች እንጂ ጣት አቀማመጥ የሚማሩ ሰዎች አልነበሩም። ሌላው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ የቻርሊ ፓርከር ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ፣ ገና ወጣት ሳለ መድረክ ላይ ሲጠፋበት ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ ሲምባል የሚባለውን የከበሮውን የብረት ሳህን እግሩ ሥር ጣለበት፤ "ያ ውርደት ፓርከርን ሠራው" ይባላል። ውርደቱ እውነት ነው። የሠራው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ክረምቱን በኦዛርክ ተራሮች ከአንድ ባንድ ጋር ሲያሳልፍ የሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ አጠናቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. ከሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ዴዝሞንድ ጋር ባደረገው የራዲዮ ቃለ ምልልስም ለ3 እና 4 ዓመት ያህል በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል።

በጥናት የተያዘውም ወደዚያው ያዘነብላል። የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ከተመረመሩት መካከል 21 የኮንሰርት ፒያኖ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የአብዛኞቹ የመጀመሪያ መምህር ደግና ልጅ ወዳድ ነበር፣ ጠያቂዎቹና ጥብቆቹ መምህራን የመጡት በኋላ፣ ልጁ ሙዚቃውን ከወደደ ወዲያ ነው። ዴቪድሰን፣ ሙር፣ ስሎቦዳና ሃው በ1998 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የ257 ልጆች ጥናት ደግሞ የገፉት ልጆች የመጀመሪያ መምህራቸውን ተግባቢም ጥሩ ተጫዋችም አድርገው ሲያስታውሱ፣ ያቋረጡት በሁለቱም በኩል ዝቅ አድርገው አይተዋቸዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመው የኤሪክሰንና የባልደረቦቹ የበርሊን ጥናት ላይ ከሦስቱ የቫዮሊን ተማሪዎች ቡድን ሁለቱ ብርቱዎቹ ብቻቸውን በሳምንት 24 ሰዓት ገደማ ይለማመዱ ነበር፤ ሦስተኛው 9 ሰዓት ገደማ። አስቢው፤ መምህር ከተማሪው ጋር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው የሚሆነው። የቀረው ልምምድ ብቻሽን፣ ከራስሽ ስህተት ጋር ተፋጠሽ የምታሳልፊው ነው። የራሱን ስህተት መስማት የሚያስደነግጠው ሰው ያንን ሰዓት ሊቀመጥበት አይችልም።

ይህን ስል የሚያቆላምጥ መምህር ፈልጊ ማለቴ አይደለም። ለሁሉም "ጎበዝ" የሚልና የተጣመመ አውራ ጣትን ለሁለት ዓመት ዝም ብሎ የሚያይ መምህርም ይጎዳል፤ ያንን ለማረም ኋላ ብዙ ወር ይፈጃል። የምትፈልጊው ጥብቅ መምህር ነው። ጥብቅ የሚይዘው ድምፁን ነው፣ የሚያስፈራራው ሰውየውን ነው የሚይዘው። ያንቺን ምሳሌ እንውሰድ። "ሬ" ክር ላይ ፋ ሻርፕ ዝቅ ብሎ ወጣ እንበል። "ጆሮ የለሽም" የሚለው ቃል ለጣትሽ ምን እንዲያደርግ ይነግረዋል? ምንም። ሐሰትም ነው፤ የድምፅ ከፍታን መለየት የማይችሉ ሰዎች ከመቶ ጥቂቶች ናቸው፣ የራሷን መበላሸትና መሻሻል ሰምታ የምትጽፍ ልጅ ከእነሱ አትመደብም። ጥብቅ መምህር እንዲህ ይላል፦ "ፋ ሻርፑ ዝቅ ብሏል። 3ኛ ጣትሽን አስቀምጪና ሶል ተጫወቺ፤ ክፍቱ የሶል ክር አብሮት እስኪርገበገብ አስተካክዪው። አሁን 2ኛውን ከ3ኛው ጋር አጣብቂ። በደቂቃ 56 ምት፣ 5 ጊዜ በተከታታይ ንጹሕ እስኪሆን። አራት ጊዜ ንጹሕ ሆኖ አምስተኛው ከተበላሸ ከአንድ እንጀምራለን።" ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ከጩኸቱ ይልቅ ከባድ ነው። ማምለጫም የለውም።

ፍጥነቱ የሚጨመረውም በመለኪያ ነው። መድረሻው 96 ከሆነ ከ56 ተነሥቶ፣ 5 ንጹሕ በተከታታይ ሲሞላ 4 ምት እየጨመሩ መሄድ፤ ሁለቴ ተከታትሎ ከተበላሸ 8 ወደ ኋላ መመለስ። ጥሩ መምህር በየስህተቱም አያስቆምም። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዎልተር በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ እንቅስቃሴ ትምህርት ያጠናቀሩት ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ እርማት የሚሰጠው ሰው እርማቱ እስካለ ይሻሻላል፣ እርማቱ ሲቀር ግን ይወርዳል፤ ራሱን መስማት አልለመደምና። ስለዚህ ሐረጉ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ መጀመሪያ "ምን ሰማሽ?" ይባላል።

"መድረክ ያስፈራል፣ ስለዚህ ፍርሃትን ከአሁኑ ትልመደው" የሚሉም አሉ። ግማሹ ልክ ነው፤ ጫናን መለማመድ ያስፈልጋል። ግን ጫናው ከሥራው ይምጣ፣ መቼ እንደሚመጣ ይታወቅ፣ ቀስ በቀስ ይጨምር። ቁራጩን ቤት ውስጥ በሙሉ ፍጥነቱ 3 ጊዜ ሳትቆሚ መጫወት ስትችይ፣ ከዝግጅቱ 4 ሳምንት አስቀድመሽ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዴ ብቻ ቅጂ፤ ቢበላሽም አይደገምም። በሁለተኛው ከአንድ ሰው ፊት፣ በሦስተኛው ከ3 እስከ 5 ሰው ፊት። በአራተኛው ሳምንት ለአንድ ደቂቃ ደረጃ ወጥተሽ ወርደሽ ልብሽ እየመታ ወዲያው ጀምሪ፤ የመድረክ ሰውነት ይህን ይመስላልና። በየመሃሉ ከተሳሳትሽ በኋላ ሳትቆሚ መቀጠልን ልመጂ። የሚጮኸው መምህር የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ተሳስቶ መቆምን።

አሁን ምን ታድርጊ። የተነገሩሽን ነገሮች ለሁለት ሳምንት በሁለት ዓምድ ጻፊ፤ በአንዱ ስለ ድምፅና ስለ እጅ የተባለውን፣ በሌላው ስለ አንቺ የተባለውን። የመጀመሪያው ዓምድ ሞልቶ ከሆነ መምህርሽ ዕውቀት አላቸው፣ አሰጣጣቸው ነው የተበላሸው። ያን ጊዜ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ሌሎች በሌሉበት፣ በአክብሮት ንገሪያቸው፦ "መምህር፣ የሚነግሩኝን መሥራት እፈልጋለሁ። ሲጮሁብኝ ግን እጄ ይያዛል፣ የሚሉኝም አይሰማኝም። የትኛው ባር እንደተበላሸና ጣቴ ምን ያድርግ የሚለውን ቢነግሩኝ 10 ጊዜም ቢሆን እደግመዋለሁ።" ብዙ መምህራን የተማሩበትን መንገድ ሳያስቡት ነው የሚደግሙት፤ እንዲህ ሲነገራቸው የሚለወጡ አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ትምህርቱን ቅጂ፤ ቤት ስትሰሚው ስድቡን አልፈሽ ቁም ነገሩን ትለቅሚያለሽ።

ከዚያ በኋላ 4 ሳምንት ስጪያቸው። የማግስቱ የመጀመሪያ ሙከራሽ ካልተሻሻለ፣ ወይም የሆድ ቁርጠቱ ካልቀለለ ቀይሪ። ሁለተኛው ዓምድ ብቻ ሞልቶ ከሆነ 4 ሳምንቱንም አትጠብቂ። ሰውነትሽን ከመቱ፣ ለአያያዝ ማስተካከያ ከሚያስፈልገው ውጭ ከነኩ፣ ነውር ከተናገሩ ወይም እያመመሽ እንድትጫወቺ ካስገደዱ በዚያው ቀን ውጪ፤ ለሚመለከተው ኃላፊም አመልክቺ። ይህ የማስተማር ዘዴ ክርክር አይደለም።

አዲስ መምህር ስትፈልጊ ከመመዝገብሽ በፊት የሌላ ተማሪ ትምህርት ተቀምጠሽ እንድታዪ ጠይቂ። ሦስት ነገር ተመልከቺ፦ ተማሪው ሲሳሳት ወዴት ያያል፣ ወደ ኖታው ወይስ ወደ መምህሩ ፊት? በትምህርቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ጠየቀ? ሲወጣ ለሳምንቱ ምን እንደሚሠራ በቁጥር ያውቃል? መምህር ስትቀይሪ ደግሞ ፍርሃቱ ወዲያው እንደማይለቅሽ ዕወቂ። ድሮ የተጮኸበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ለ2 እና 3 ወር እጅሽ ሊያዝ ይችላል። ያንን ቁራጭ ለጊዜው አስቀምጪው፤ ችግሩን በሌላ ቁራጭ፣ በሌላ ስኬል ሥሪው፣ ከዚያ ተመለሺበት።

በአዲሱ መምህር የመጀመሪያ ቀን ደግሞ በሚገባ የሚወጣልሽን ቁራጭ ይዘሽ አትሂጂ። ሁልጊዜ ድምፅ ቀንሰሽ የምታልፊውን ቦታ ክፈቺና በሙሉ ድምፅ ተጫወቺላቸው።